ዘበኛ የሌለው መጋዝ

ወንድሜ ዛፍ ቆራጭ ነበር። ከጭሮ እየተነሳ ሂርናም በደሳም ይሄዳል። ቤት ለሚሠራ ሰው ባህር ዛፍ ይጥላል፤ ቡና ላለው ሰው የጥላ ዛፍ ይመለምላል። መጋዙ በቤንዚን የሚሠራ ነበር። ጠዋት ጠዋት ቤንዚኑን ከሞተር ዘይት ጋር በውሃ ጠርሙስ ይቀላቅልና እያገላበጠ ይወዘውዘዋል። ቤንዚን በጠፋ ጊዜ ከመንገድ ዳር ቸርቻሪ ይገዛል። አንዳንዱ ውሃ የገባበት ይሆንና ሞተሩ እያስነጠሰ ይጠፋበታል። እናቴ የሥራ ልብሱን ከእኛ ልብስ ለይታ ነበር የምታጥበው፤ ሽታው አይለቅም።

ብርቱ መጋዝ ነው፤ ይህን አልክድም። ሁለት ሰው ተያይዞ የማያቅፈውን ግንድ ይቆርጣል። መብራት በሌለበት ተራራ ላይም ይሠራል። ግን ጆሮ ይደፍናል። ወንድሜ ከሥራ ሲመለስ ለራት እንኳን ጮክ ብለን ነበር የምንጠራው።

የሞተው ከሂርና በላይ ባለ ቁልቁለት ላይ ነው። የቆረጠው ባህር ዛፍ መሬት ሳይደርስ ሌላ ዛፍ ላይ ተንጠለጠለ። ከዚያ የተደገፈበት ዛፍ መሰንጠቅ ጀመረ። አብሮት የሚሠራው ጓደኛው ከታች ሆኖ ጮኸ። ሞተሩ አልጠፋም ነበር። ወንድሜ አልሰማም።

ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ጓደኛው ለቅሶ ሲመጣ እናቴ ፊት ተንበርክኮ፣ መጮሁን በአላህ ስም ማለላት። እናቴ ራሱን ዳበሰችው። መጮሁን እንደምታውቅ ነገረችው። የቤንዚኑን መጋዝም ከቤት ይዞላት እንዲሄድ ለመነችው፤ ወሰደው።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ጭሮ ውስጥ አንድ እንጨት ቤት ተቀጠርኩ። እዚያ ያለው መጋዝ ደግሞ ሶኬት ላይ የሚሰካ ነው። ቤንዚን አይጠይቅም፣ አይሸትም፣ ገመድ እየሳቡ ማስነሳት የለም። ግን ሽቦው ከደረሰበት አያልፍም። ጣውላ የሚልጉት ሰዎች "ይሄ መጋዝ ሚስት አግብቷል፤ ከቤቱ ርቆ አያድርም" እያሉ ይስቁበታል። መብራት ሲሄድ ምላጩ ግንዱ ውስጥ እንደተነከሰ ይቀራል። እኛም መብራቱ እስኪመጣ ጎኑ ተቀምጠን እንጠብቃለን።

ዓመት ካለፈ በኋላ ሹፌር የሆነው አጎቴ ከድሬዳዋ በባትሪ የሚሠራ መጋዝ ይዞልኝ መጣ። ሁለት ባትሪ አለው። አንዱ ሲሠራ ሌላው ቤት ቻርጅ ይደረጋል፤ መብራት ካለ ማለቴ ነው። ሳነሳው ቀለለኝ። ቃታውን ስጫን ይዞራል፤ ጣቴን ሳነሳ ጸጥ ይላል። ጸጥ ሲል ውጭ የሚያልፈውን ባጃጅ ሰማሁ። ያን ጊዜ የወንድሜን ሥራ መሥራት እንደምችል አሰብኩ። ዛፍ ከመውደቁ በፊት እየተሰነጠቀ ይናገራል፤ ይሄ መጋዝ እንድሰማው ፋታ ይሰጠኛል።

እናቴ መጋዙን ስታይ ፊቷን አዞረች። "አንዱን ለእንጨት ሰጥቻለሁ። ሁለተኛ የለኝም" አለች። ለብዙ ቀን ደግማ አላነሳችውም። በመጨረሻ አጎቴ ብዙ ለመናት። አንድ ጊዜ ስሠራ መጥታ ልታይ ተስማማች። ካልወደደችው መጋዙ አጎቴ መኪና ላይ ተጭኖ ይመለሳል፤ እኔም ዛፍ የሚባል ነገር አልነካም። በዚህ ተነጋገርን።

ሥራውን ያገኘልኝ የወንድሜ ጓደኛ ነው። የአንድ ሽማግሌ ግቢ አጥር ላይ የቆመ ባህር ዛፍ ነበር። ከአጥሩ ሥር ወደ ጫት ተራ የሚወርድ የእግር መንገድ አለ። ጓደኛው ዛፉ ወደ ግቢው እንዲወድቅ ከላይ ገመድ አስሮ ጫፉን ያዘ። እናቴ ከመንገዱ ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሻሿን እስከ አፏ ድረስ ስባ ነበር፤ ዓይኗ ብቻ ይታየኛል።

ዛፉ በሚወድቅበት በኩል ግንዱን ቆርጬ አፍ ከፈትኩለት። ከዚያ ዞሬ ከኋላ ጀመርኩ። ግንዱ ወፍራም አልነበረም፤ ግን ባትሪው ቶሎ ደከመብኝ። የቤንዚኑ ቢሆን ይሄኔ ጨርሶ ነበር። ሁለተኛውን ባትሪ ላስገባ ጣቴን ከቃታው ሳነሳ፣ ልክ ከጀርባዬ አንድ ድምፅ ሰማሁ።

"ልጄ፣ መቼ ነው የምትጀምረው?"

የግቢው ባለቤት ናቸው። ሬድዮናቸውን ብብታቸው ሥር ይዘው ቆመዋል። ጆሯቸው ይከብዳል፤ ስቆርጥም አልሰሙኝም። ከእሳቸው በታች ደግሞ ሦስት ሴቶች ጫት ተሸክመው፣ ግማሽ በተቆረጠው ዛፍ ሥር እያወሩ ያልፋሉ።

"አባባ፣ እባክዎ ቤት ይግቡ፤ ዛፉ ተቆርጧል" አልኳቸው። በሩን በእጄ ሳሳያቸው ገቡ።

የወንድሜ ጓደኛ ገመዱን እንደያዘ ተቆጣኝ። "የወንድምህ መጋዝ ራሱ ዘበኛ ነበር፤ ሲነሳ ሰፈሩ ሁሉ ይሸሻል። ይሄኛው ዘበኛ የለውም። መንገዱ ላይ ሰው አቁም።"

እውነቱን ነው። ጸጥታው ለእኔ ነው የጠቀመኝ፤ ለመንገደኛው አልጠቀመውም። ግን ማንን ላቁም? እሱ ገመዱን ቢለቅ ዛፉ ወዴት እንደሚወድቅ አይታወቅም። ሽማግሌው የሚጠሯቸውን አይሰሙም። በቃ፣ እናቴ ይሄን ሁሉ አየች፤ አለቀ ብዬ አሰብኩ። ወደ ማዶ ቀና ብዬ ለማየት ፈራሁ።

ቀና ስል ድንጋዩ ላይ የለችም። መንገዱ መሐል ቆማለች። ሻሿን ከአፏ አውርዳ፣ እጇን ዘርግታ፣ ከላይ የሚመጡ ሌሎች ሴቶችን በኦሮምኛ ቁሙ ትላቸዋለች። ሴቶቹም ዝም አላሏትም። አንዷ መንገዱን የገዛሽው መቼ ነው አለቻት። ሌላዋ ጫቱ በፀሐይ ይጠወልግብኛል ብላ ልታልፍ ሞከረች። እናቴ እጇን አላወረደችም።

"ይጠወልግ። ልጄ ዛፍ እየጣለ ነው" አለቻት።

ሴትዮዋ ቆመች። ሸክሟንም አወረደች።

እናቴ ወደ እኔ ዞራ ራሷን ነቀነቀች፤ ቀጥል ማለቷ ነው። አዲሱን ባትሪ አስገባሁ። ትንሽ ቆርጬ አቆማለሁ፣ አዳምጣለሁ፣ ደግሞ ትንሽ እቆርጣለሁ። አንድ ጊዜ ጣቴን ሳነሳ ግንዱ ከውስጥ ቀጭ አለ። በደንብ ሰማሁት። መጋዙን ይዤ ወደ ጎን ሸሸሁ። ጓደኛው ገመዱን ሳበ። ዛፉ ቀስ ብሎ ዘመመ፤ ከዚያም ግቢው ውስጥ ተዘረጋ። አቧራው ሲበርድ ሽማግሌው ከበር ብቅ ብለው "ማሻአላህ፣ ጀመራችሁ" አሉን። የወንድሜ ጓደኛ መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ሳቁ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ሊሄድ ሲል ፊቱን ወደ አጥሩ መለሰ፤ እኔም እንዳላየሁ ሆንኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ ጎኔ ጎኔ ትሄዳለች። መጋዙን እኔ ይዣለሁ። ባትሪዎቹን ከእጄ ተቀብላ እሷ ያዘች። ቤታችን በቀረበ ቁጥር ስለ መጋዙ የምትለኝን እጠብቃለሁ። የሰፈራችን መስጊድ ጋ ስንደርስ ቀጣዩ ሥራ የት እንደሆነ ጠየቀችኝ። አሰቦት መንገድ ላይ ግራር የሚያስመለምል ሰው እንዳለ ነገርኳት።

"መንገድ ዳር ነው?" አለችኝ።

"አዎ፣ ልክ ዳር ነው።"

ባትሪዎቹን ወደ ሌላኛው እጇ አዛወረች።

"እንግዲያው የገበያ ቀን አታድርጉት" አለች። "ሰው ይበዛል፤ ብቻዬን አልችለውም።"