እናቲቱን የተሸከሙ ሴቶች

ኬ ጂንሉዋን የመንደሯን ጠባቂ አምላክ፣ የወንዝ መሻገሪያዋን እናት ምስል፣ እሳት ውስጥ የጣለቻት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አሮጌ እምነት ይጥፋ የተባለበት ዘመን ነበር። የመንደሩ የእርሻ ብርጌድ አለቃ ከወጣቶቹ መሀል መርጦ፣ «አንቺ፣ ክንደ ብርቱዋ፣ ነይ!» አላት። የእንጨቷን ምስል አቅፋ ወደ እሳቱ ስትሄድ አንድ ነገር ከምስሏ ውስጥ ጥዝዝ ሲል ሰማች። ጠራቢዎች ምስሉ ነፍስ እንዲዘራ ብለው ከጀርባው ተርብ ከነሕይወቱ ከተው ይደፍኑታል። ያ ተርብ ግን ከሞተ መቶ ዓመት አልፎታል። ጂንሉዋን እየሰማች ጣለቻት። ያዩት ጥቂት ወጣቶችም ለማንም አልተናገሩም።

ጥዝዝታው ከዚያ ቀን ጀምሮ ከግራ ጆሮዋ አልወጣም። አገባች፣ ሦስት ወለደች፣ ባሏን ቀበረች፤ እሱ ያው ጥዝዝ ነው። ሐኪም ዘንድ ብትሄድ፣ «ምንም የለም እማማ» ብሎ ሸኛት።

ዘመኑ ሲለዝብ መቅደሱ እንደገና ተሠራ፤ አዲስ ምስልም ተቀረጸ። ጂንሉዋን ማንም ሳይጠራት መጥረጊያዋን ይዛ መጣች፤ በየማለዳው ስትጠርግ ሠላሳ ዓመት አለፈ። በዚያ መሀል ጎልማሳው ሁሉ ወደ ከተማ ፋብሪካ ነጎደ። ልመናውም በስልክ ሆነ። «እትዬ፣ ልጄ ፈተና አለባት፤ ለእናታችን ንገሪልኝ» ይሏታል። ስልኩን ምስሏ ፊት ትይዝላቸዋለች። ለራሷ ግን አንድም ቀን ለምና አታውቅም።

ባለፈው ዓመት እናቲቱ በወንበሯ ሆና መንደሩን በምትዞርበት በዓል ስምንት ተሸካሚ ወንድ ጠፋ። የመቅደሱ ኃላፊ አያ ቲያንፉ ተስፋ ቆረጠ።

«በሦስት እግር መኪና እንጫናት እንዴ?»

«እንደ ጎመን?» አለች ጂንሉዋን። «ሴቶቹ ይሸከሟት።»

«ሴት እናቲቱን ነክታ አታውቅም!»

«እኔ ነክቻታለሁ። ያኔ እሳት ውስጥ የጣልኳት እኔ ነኝ፣ አያ ቲያንፉ።»

ሽማግሌው ዐይኑን ሳይነቅል አያት። «እናቴ ስታጣጥር ‹እናቲቱን የት ወሰዷት?› እያለች ነው የሞተችው። ያደረገው ማን እንደሆነ ባወቅሁ እያልኩ ኖርኩ።»

«ይኸው አወቅህ።»

«አወቅሁ» አለና ፊቱን አዞረ። ይቅር አላላትም። በበዓሉ ዕለት ግን የወንበሩን የፊተኛ መሸከሚያ እንጨት እያሳያት፣ «ያንቺ ይኼ ነው። ከባዱ እሱ ነው» አላት።

ስምንት ሴቶች ወንበሩን አነሱ። እንደ ልማዱ በየደጁ ቆሙ፤ አብዛኛው በር የተቆለፈ ነው፣ ወጥቶ የሚቀበል የለም። ጂንሉዋን የየቤቱን ሰዎች፣ ያሉትንም የሞቱትንም፣ ስማቸውን ጮክ ብላ ጠራች። የቲያንፉ ደጅ ሲደርሱ የእናቱን ስም ጠራች።

ሽማግሌው ከወንበሩ ኋላ ሆኖ፣ በእናቱ ፈንታ «አቤት» አለ።