በገዛ ጓዳዋ የተጫነው ፓይተን

ፓቢትራ ሻክያ የመሬት መንሸራተት አጥኚ ናት። ካትማንዱ ባለው መሥሪያ ቤቷ ሁሉም በአንድ ሰርቨር፣ በአንድ ትልቅ የጋራ ኮምፒውተር ነው የሚሠራው፤ ፕሮግራም የመጫን ሥልጣን ግን ያለው ቱልሲ ብቻ ነው። ቱልሲ ደግሞ የዳሻይን በዓል ሳይገባ አገሩ ሄዶ ስልኩን ዘግቷል። ይሄ ሰውዬ መቼም ሲፈለግ ተገኝቶ አያውቅም!

መሬት ሊንሸራተትባቸው የሚችሉ ቦታዎችን በካርታ የሚያሳየው የፓቢትራ ፕሮግራም የተጻፈበትን ቋንቋ፣ አዲሱን ፓይተን ይፈልጋል፤ ሰርቨሩ ላይ ያለው አሮጌው ነው። አለቃዋ ዛሬ ካርታውን ካላዩ ደግሞ ፖካራ ከተማ በሚደረገው ጉባኤ የሚናገረው ሌላ ሰው ነው።

አጠገቧ የሚቀመጠው ኒራጃን እንደ ታላቅ እህቱ «ዲዲ» ይላታል፤ ቱልሲን ደግሞ ሁሉም እንደ ታላቅ ወንድም «ዳይ» ይሉታል። «ዲዲ፣ ያለ ቱልሲ ዳይ ቡራኬ እዚያ ላይ ትንኝ እንኳ አታርፍም! አርፈሽ የበዓል ፍየልሽን ብይ» አላት።

«ፍየሉን አንተው ብላ! እኔ በገዛ ጓዳዬ እጭነዋለሁ።»

ጓዳ ያለችው ሰርቨሩ ላይ የተሰጣትን የግል ማህደር ነው። ፓይተንን አወረደች፣ እዚያው ማህደሯ ውስጥ እንዲገነባ አዘዘች። ደስታዋ አላስቀምጥ አላት። በችኮላዋ ግን ከማሽኑ ጉልበት ምን ያህሉን እንደሚወስድ ሳትነግረው ቀረች፤ ሁሉንም ጠቅልሎ ያዘው። የሰው ሁሉ ሥራ ቀጥ አለ።

«ማነው ማሽኑን የበላው?» የሚል ጩኸት ከየክፍሉ መጣ።

«አረድሽው እኮ ዲዲ!» አለ ኒራጃን እየተንከተከተ።

ፊቷ ቀልቶ አቋረጠችው፤ በትንሽ ጉልበት ብቻ እንደገና አስጀመረችው። ሲያልቅ «ፓይተን» ብላ ጻፈች። ብቅ ያለው አሮጌው! ልታለቅስ ምንም አልቀራት። ኋላ ነው ነገሩ የገባት፤ ሰርቨሩ ቀድሞ የሚፈልገው የጋራውን ማህደር ነው። መጀመሪያ የእሷን እንዲያይ አንዲት የትእዛዝ መስመር ጻፈችና ከሰርቨሩ ወጥታ ተመልሳ ገባች።

አዲሱ መጣ! ከወንበሯ ዘላ ተነሳች። ፕሮግራሙ ሮጠ፤ አደገኞቹ ተረተሮች ካርታው ላይ አንድ በአንድ ቀሉ።

«ማን ፈቀደልሽ?» አሉ አለቃዋ ከኋላዋ ቆመው።

«ጓዳዬ ውስጥ ነው ሰር፤ የማንንም በር አልነካሁም።»

ካርታውን ጎንበስ ብለው አዩ። «በይ፣ ለፖካራ ሻንጣሽን አዘጋጂ።»

ፓቢትራ ሳቋም ንዴቷም አንድ ላይ መጣባት። ለካ ያን ሁሉ ዓመት «ቱልሲ ዳይ፣ እባክህ» እያለች ደጅ የጠናችው በገዛ እጇ ለሚሠራ ነገር ኖሯል!