የሊቀመንበሩ ቁጥር

ዘምዘም ይመር የኤምሬትሷ አል ዓይን ከተማ የገባችው እንደ ብዙዎቹ እህቶቿ በቤት ሠራተኝነት ነበር። አል ቶዋያ ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ አራት ዓመት ልጅ አሳደገች። የማዳሟን ልጆች የቤት ሥራ በኮምፒዩተር ስትጽፍላቸው ከርማ ጣቶቿ ከማዳሟ ምላስ የፈጠኑ ሆኑ፤ ማዳሟን የሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ይመሰክራል። ውሏ ሲያልቅ ያስመጣት ካፊሏ መርቆ ለቀቃትና ከተማው መሐል አንድ ህንዳዊ የከፈተው የታይፒንግ ሱቅ ውስጥ ተቀጠረች። ሥራው የመኖሪያ ፈቃድ የሆነው የኢቃማ ማመልከቻና የቪዛ ፎርም መጻፍ ነው። ቁጭ ብሎ መሥራት ዕድል ነው ብላ አላህን ስታመሰግን ሁለት ዓመት አለፈ፤ ከዚያ ማኅበሩ መጣ።

ማኅበሩ በአቡ ዳቢና በአል ዓይን ያሉ ወገኖች የሚረዳዱበት ነው። ሁለት መቶ ያህል አባላት ነበሩት። ከነሱ ውስጥ አሥራ ዘጠኙ የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ነበሩ፤ የቀሩትም ቢሆኑ ሥራ እስኪፈጸምላቸው የሚጠብቁ እንጂ ኮሚቴ መግባት የሚጠሉ አልነበሩም። ሊቀመንበሩ አቶ እንዳልካቸው አቡ ዳቢ ያስ ደሴት ላይ ግንባታው በተጧጧፈበት በዚያ ዘመን የሠራተኛ አውቶቡሶች ተቆጣጣሪ ነበሩ። ሰው የሚያዩት በወንበር ቁጥር ነው። ምክትላቸው ጋሽ ሸሪፍ ደግሞ አል ዓይን ዛኸር ሰፈር ውስጥ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ዝምተኛና ልከኛ የወሎ ሰው፣ ሊቀመንበሩ በተናገሩ ቁጥር ወገባቸውን በዓይን የሚለኩ የሚመስሉ።

እ.ኤ.አ. በ2008 ማኅበሩ ዌብሳይት ይኑረው ተባለ። ኮምፒዩተር የሚያውቀው ጀፋር ሠራው፤ በወሩም ሙስካት ሥራ አግኝቶ ሄደ። ከመሄዱ በፊት ዘምዘምን አጠገቡ አስቀምጦ አሳያት።

«ይኼ የአስተዳዳሪ ገጽ ነው» አላት። «ጽሑፉን እዚህ ትጽፊያለሽ፣ ሴቭ ትያለሽ፣ ኸላስ። አማርኛው ካልታየሽ ፊደሉን ቀይሪ።»

«ይኼስ ቁልፍ?»

«እሱን ተይው። እሱ ዳታቤዙን ማያ ነው። ዌብሳይት እንደ ቤት ነው፤ እንግዳ የሚያየው ሳሎኑን ነው፣ ዕቃው ሁሉ ያለው ግን ጓዳ ነው። በዚህ በር ገብተሽ ሠንጠረዦቹን አንድ በአንድ ማየትም መቀየርም ትችያለሽ። ችግሩ፣ ጓዳ ውስጥ ማንም ‹እርግጠኛ ነሽ ወይ?› ብሎ አይጠይቅሽም።»

ዘምዘም የሰው ጓዳ አራት ዓመት ሙሉ የጠበቀች ሴት ናት። ምን እንደሚነካና ምን እንደማይነካ ታውቃለች። ቁልፉን ሳትነካ አምስት ወር ቆየች።

ነገሩን ያስነሳው የአባላት ዝርዝር ነው። ዌብሳይቱ እያንዳንዱን ሰው በተመዘገበበት ቅደም ተከተል ቁጥር ይሰጠዋል። ይህን ማንም ልብ አላለውም ነበር፤ አንድ ቀን ግን ጋሽ ሸሪፍ ዝርዝሩን በወረቀት አሳትመው፣ ምንም ሳይናገሩ፣ የልብስ መቁረጫ ጠረጴዛቸው በላይ ለጠፉት። በማግስቱ የዘምዘም ስልክ ጮኸ።

«ዘምዘም!»

«አቤት፣ ጋሽ እንዳልካቸው።»

«ሰባት ማነው?»

«ሰባት?»

«የአባል ቁጥር ሰባት!»

«እርስዎ ነዎት።»

«እኔ መሆኔንማ አውቃለሁ። ለምን ሆንኩ ነው የምልሽ!»

«ሰባተኛ ስለተመዘገቡ ነዋ።»

«ሸሪፍ ስድስት ነው።»

«በአንድ ቀን ቀደሙዎታ።»

ሊቀመንበሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንድስ ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ። ጀፋር ይሠራ እንደሆን ሞክሪው ብሎኝ...»

«አንቺ!» አሉና ዘጉት።

ዓርብ ዕለት ኮሚቴው አል ዓይን አንድ መናፈሻ ውስጥ፣ ጥላ ሥር ተሰበሰበ። አጀንዳዎቹ ሦስት ነበሩ። ሆስፒታል የተኛች እህትን መጠየቅ፣ ለአዲስ መጪዎች የዓረብኛ ትምህርት መጀመር፣ የሊቀመንበሩ ቁጥር። ሦስተኛው አጀንዳ አንደኛ ሆኖ ተያዘና ሦስት ሰዓት ፈጀ። አንዱ «ራስ ከእግር በታች አይሆንም» አለ። ሌላው ጉዳዩ በደንቡ አንቀጽ አሥራ ሁለት እንደሚታይ ተናገረ፤ ደንቡ ግን አሥር አንቀጽ ብቻ ነበረው። ጋሽ ሸሪፍ፣ «እኔ ቁጥር አያሳስበኝም፤ ሁለትም ቢሆን ይበቃኛል» አሉ። በመጨረሻ ሊቀመንበሩ አንድ እንዲሆኑ በአሥራ ሰባት ድምፅ ተወሰነ። የጋሽ ሸሪፍ ሁለት ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ። የታመመችውና ትምህርቱም እንዲሁ።

ቅዳሜ ዘምዘም ወደ ሙስካት ደወለች፤ ጀፋር ስልኩ ዝግ ነው። በምሳ ሰዓት፣ ህንዳዊው አሠሪዋ ሩዙን ሊበላ ከወጣ በኋላ፣ ያን ቁልፍ ተጫነችው። የአባላት ሠንጠረዥ የሚለውን መርጣ «ብራውዝ» አለችው። ስም፣ ኢሜይል፣ ቁጥር፣ ቀን፣ ሁሉም ሰው እንደ አውቶቡስ ተሳፋሪ በመስመር ተቀምጦ ታያት። ሊቀመንበሩን አንድ ልታደርግ ብትል እምቢ አላት፤ አንድ ተይዟል። ስለዚህ ራሷን ለጊዜው ሺህ ላይ አስቀመጠች፣ እሳቸውን ወደ አንድ አወጣች፣ ራሷን ከሺህ አምጥታ ባዶ በቀረው ሰባት ላይ አሳረፈች። ሦስት ጊዜ ሴቭ አለች። ጀፋር እንዳለው ማንም እርግጠኛ ነሽ ብሎ አልጠየቃትም። ደውላ «ተፈጸመ» አለቻቸው። ሊቀመንበሩም «ሥራሽን አመሰግናለሁ» አሉ፣ ሳያዩት።

አራት ቀን አለፈ። ከአሥራ ዘጠኙ ኮሚቴ አንድ ሰው እንኳ ምንም አላለም። በአምስተኛው ቀን የደወለችላት እትዬ ትርፌ ናት፤ አል ቶዋያ እያለች ጎረቤቷ የነበረች፣ ጎንደሬ፣ የአንድ ትልቅ ቤት ምግብ አብሳይ። የእሷ ማዳም ልጅ ትምህርት ቤት ስትሄድ ኮምፒዩተሯን ትተውላታለች።

«እንኳን ደስ አለሽ፣ ልጄ!»

«በምን፣ እትዬ?»

«ሊቀመንበር ሆነሻል አይደል እንዴ! ሰውዬው ግን ምነው፣ ምግብ ከለከሏቸው?»

ዘምዘም ገጹን ከፈተችው። ጀፋር ያኔ ተቀብሎ በለጠፈው፣ «የሊቀመንበሩ መልእክት» በሚለው ረጅም ንግግር ሥር፣ «እኔ በሕዝብ ድምፅ የተመረጥኩ አገልጋያችሁ» ከሚለው በታች፣ ጸሐፊ ተብሎ የሰፈረው «ዘምዘም ይመር» ነው። ዝቅ ብሎ ደግሞ፣ ያኔ ለሙከራ የጻፈችውና የረሳችው ጽሑፍ አለ። እንዲህ ይላል፦ «ሙከራ ሙከራ። ሀ ሁ ሂ። ራበኝ። ይህ ሰውዬ ለምሳ የሚለቀኝ መቼ ነው?» ጸሐፊ፣ አቶ እንዳልካቸው፣ ሊቀመንበር።

«ያ አላህ!» አለች።

«ደግሞ ሊቀመንበር ከሆንሽ አይቀር» አለች እትዬ ትርፌ፣ «ለመልእክቴ መልስ ስጪኝ እንጂ።»

«የምን መልእክት?»

«ዌብሳይቱ ላይ ‹መልእክት ይተዉ› ይላል፤ ተውኩዋ! ከሚያዝያ ጀምሮ። ዓርብ ዓርብ፣ በዕረፍት ቀናችን፣ አቡ ዳቢ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ መኪና ያለው ሰው ካለ ብዬ። አሁን መስከረም ነው። አንድ ሰው እንኳ ‹የለም› አይልም?»

ያን ቀን ጀፋር ስልኩን አነሳ። ነገሩን ሲሰማ ሳቁን ጨርሶ እስኪመለስ ድረስ ዘምዘም ጠበቀችው።

«ቁጥር ለጌጥ የተሰጠ መሰላቸው እንዴ?» አላት። «ገመድ ነው። እያንዳንዱ ጽሑፍ የታሰረው በስም ሳይሆን በቁጥር ነው። ሰውየው ሰባትን ትቶ ሲሄድ ጽሑፉ ሰባት ጋ ቀረ፤ አንቺን አገኘሽ። አሁን ሰዎቹን አትነካኪ። የጽሑፎቹ ሠንጠረዥ ውስጥ ግቢና የጸሐፊውን ቁጥር ቀይሪ።»

«መልእክቶችስ የት ነው የሚቀመጡት?»

«ለብቻው ሠንጠረዥ አላቸው። እዩት ብዬ ለኮሚቴው ነግሬያለሁ እኮ።»

ጽሑፎቹን ባለቤቶቻቸው ጋር መለሰችና የመልእክቶቹን ሠንጠረዥ ከፈተች። አርባ አንድ መስመር ነበር። «ጸድቋል» በሚለው ዓምድ ሥር ከላይ እስከ ታች ዜሮ ተደርድሯል። ኮሚቴው ገና ከጅምሩ፣ ማንኛውም መልእክት ሊቀመንበሩ ራሳቸው ሳያጸድቁት እንዳይታይ ወስኖ ነበር። ዘምዘም ወደ አባላት ሠንጠረዥ ተመልሳ ሊቀመንበሩ መጨረሻ የገቡበትን ቀን አየች። ዓመቱ ዜሮ፣ ወሩ ዜሮ፣ ቀኑ ዜሮ። ገብተው አያውቁም።

ወንበሯን ስባ ማንበብ ጀመረች። አምስተኛው ላይ የእትዬ ትርፌ አለ። ዘጠነኛው ላይ ኑርያ የምትባል ልጅ፣ «እህቴ ፋጡማ ከኮምቦልቻ አል ዓይን መጥታለች አሉኝ፤ ስልኳ ጠፍቶብኛል፤ እኔ ዛኸር ነኝ» ብላለች። አሥራ አራተኛው፣ «አውቶቡስ ውስጥ ወድቆ ያገኘሁት የኢቃማ ካርድ እኔ ጋ አለ» ይላል። ሃያ አምስተኛው፣ «ኢቃማዬ አውቶቡስ ውስጥ ጠፋብኝ፤ እባካችሁ ያያችሁ» ይላል። ሁለቱ መልእክቶች በአሥራ አንድ መስመር ተራርቀው ለወራት አብረው ተቀምጠዋል። ከታች ደግሞ የተለመደ ስም አገኘች፤ አንዴ ሳይሆን ዘጠኝ ጊዜ።

«የይለፍ ቃሌን ስለረሳሁ መግባት አልቻልኩም። ጉዳዩ ሊቀመንበሩን የሚመለከት ስለሆነ ለሊቀመንበሩ ይድረስልኝ። እንዳልካቸው፣ ሊቀመንበር።» ዘጠነኛው ቁጣው ጠንክሯል፦ «በተደጋጋሚ ጽፌ መልስ የነፈገኝ ኃላፊ በሕግ ይጠየቅልኝ!»

ዘምዘም ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ የኢቃማው ባለቤት ትዝ ብሏት ሳቋን አቆመች። ኢቃማ የሌለው ሰው ፖሊስ ባየ ቁጥር መንገድ እንደሚቀይር ታውቃለች። ሰዓቷን አየች፤ ለአሠሪዋ መመለሻ ግማሽ ሰዓት ቀርቷል። የመጀመሪያውን መስመር «ኤዲት» አለች። ዜሮውን አጥፍታ አንድ ጻፈች። ቀጥሎ «ያጸደቀው» የሚል ባዶ ቦታ አለ፤ የሚፈልገው የአባል ቁጥር ነው። በደንቡ የሚያጸድቀው ሊቀመንበሩ ነው፤ የሊቀመንበሩ ቁጥር ደግሞ የታወቀ ነው። አንድ ብላ ጻፈች። አርባ አንድ ጊዜ። የሊቀመንበሩ ዘጠኝ ደብዳቤዎች ጋ ስትደርስ እጇ ቆም አለ። ግን ማጽደቅ አድልዎ አይወድም ብላ አለፈችው።

ወሬው ከአል ቶዋያ ወደ ዛኸር፣ ከዛኸር ወደ አቡ ዳቢ ሮጠ። የኢቃማው ባለቤትና አግኚው በሁለተኛው ቀን ተገናኙ። ኑርያና ፋጡማ ዛኸር ውስጥ ሦስት መንገድ ተራርቀው ይኖሩ ኖሯል፤ ቆሻሻ ሊጥሉ ሲወጡ በየፊናቸው ያንኑ አንድ የመንገድ ጥግ ያዩ ነበር። የሊቀመንበሩ ደብዳቤ ግን ከሁሉ በላይ ተነበበ።

ዓርብ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ይህን ጊዜ ኮሚቴው ብቻውን አልነበረም፤ እትዬ ትርፌ አሥራ አንድ ሴቶች አስከትላ መጥታ ሣሩ ላይ ተቀምጣለች። አቶ እንዳልካቸው ቆሙ።

«ያለ እኔ ዕውቅና አርባ አንድ መልእክት ወጥቷል። ማን አጸደቀው? እዚሁ ይነገረኝ!»

ዘምዘም ከሱቅ ያሳተመችውን ወረቀት ዘረጋች። «መዝገቡ የሚለው፣ ያጸደቁት እርስዎ ነዎት፣ ጋሽ እንዳልካቸው።»

«እኔ?»

«የአባል ቁጥር አንድ ይላል። ሁሉም ላይ። ስህተት ነው ካሉ ያው... ቁጥሩን እንደገና ማየት ሊኖርብን ነው።»

ጋሽ ሸሪፍ ወረቀቱን ተቀብለው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። «እውነት ነው፤ አንድ ይላል» አሉ በጣም በቀስታ። «አንድ አይደለሁም ካሉ እንግዲህ ኮሚቴው ይወያያል።»

አቶ እንዳልካቸው ሴቶቹን አዩ፣ ምክትላቸውን አዩ፣ ወረቀቱን አዩ። «እርግጥ ነው» አሉ። «ጉዳዩን በጥልቀት ሳጠና ቆይቼ፣ ጊዜው ሲደርስ አጽድቄዋለሁ።»

«ለራስዎ የጻፏቸውን ዘጠኙንስ?» አለች እትዬ ትርፌ ከሣሩ ላይ።

«እሱ... የአሠራር ፍተሻ ነው። አገልግሎታችን ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ ለማወቅ።»

«እና ፈጣን ነው?»

ሴቶቹ ሳቁ፤ ከኮሚቴውም የሳቀ አለ፤ ማን እንደሆነ ግን ቃለ ጉባኤው አልመዘገበም። ቃለ ጉባኤው የመዘገበው ኮሚቴው ለሊቀመንበሩ አርቆ አሳቢነት የምስጋና ወረቀት እንዲሰጥ በሙሉ ድምፅ መወሰኑን ነው። ወረቀቱን የጻፈችው ዘምዘም ናት፤ በምሳ ሰዓቷ።

የይለፍ ቃላቸውን አድሳ ብትልክላቸውም አቶ እንዳልካቸው ዛሬ ነገ ሲሉ አልገቡበትም። ማጽደቁን ግን ለማንም በይፋ አላስተላለፉም። ስለዚህ ዘምዘም በየቀኑ አሠሪዋ ሩዙን በሚበላበት ሰዓት ጓዳውን ትከፍታለች፣ አዲስ የመጣውን ታነባለች፣ ዜሮውን ታጠፋለች፣ በሊቀመንበሩ ስም አንድ ትላለች። እትዬ ትርፌ ጧሂር የሚባል የታክሲ ሹፌር አገኘች፤ እሱ ዓርብ ዓርብ አቡ ዳቢ መስጊድ አጠገብ ያደርሳትና ቀሪውን በእግሯ ትሄዳለች። የሆስፒታሏን እህት ሴቶቹ ራሳቸው ሄደው ጠየቋት። የጋሽ ሸሪፍ ቁጥር ሁለት ጉዳይ እስከ ቀጣዩ ዓመት ረመዳን በአጀንዳነት ቆየ።