የዘኪ ታፔላና የራግብ ፊርማ

እስክንድርያ ውስጥ በጥንታዊ ሕንፃ ላይ የሚሰቀል ታፔላ ሁሉ በማዘጋጃ ቤቱ ተቆጣጣሪ በራግብ እጅ ያልፍ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሜትሩን በኪሱ ይዞ፣ መሰላል ከየዘበኛው እየተዋሰ ፊደል ለካ፣ ቀለም መረመረ፤ ድንጋይ የሚበሳ ብሎን ያየ እንደሆነ ማመልከቻውን አጥፎ ይመልሳል። ከባለሱቅ ሻይ እንኳ አይጠጣም። «ሕንፃው የአባቱ ነው እንዴ?» እያሉ ያሙታል፤ ፊት ለፊት ግን ብድግ ብለው ነው የሚቀበሉት።

ታናሽ ወንድሙ ዘኪ ኩናፋ የሚባለው በሽሮፕ የሚርስ ጣፋጭ ጋጋሪ ነበር። እናታቸው ስትሞት ገና ሰባት ዓመቱ ስለነበር አጥቦ፣ አብልቶ፣ ትምህርት ቤት አድርሶ ያሳደገው ራግብ ነው። ዘኪ ለብዙ ዓመት የሰው ምድጃ ሲያነድ ኖሮ በመጨረሻ የራሱን ሱቅ ከፈተ፤ ከትራሙ መስመር አጠገብ፣ የአንበሳ ራስ ከተቀረጸበት ባለቅስት ሕንፃ ሥር። ኩናፋው ጣት ያስቆረጥማል። ነገር ግን ቅስቱ ጥላውን ስለሚጥልበት መንገደኛው ሱቅ መኖሩን ሳያውቅ ያልፋል።

«ወንድም ጋሼ፣ ከቅስቱ ሥር አንዲት መብራት ያላት ታፔላ ብቻ ፍቀድልኝ» አለው ዘኪ።

«ደንቡ መብራት ይከለክላል።»

«ደንቡን የያዝከው አንተ አይደለህ?»

«እሱማ ነው ችግሩ። ዛሬ ለወንድሜ ፈቅጄ ነገ በምን አፌ ሌላውን ልከልክል?»

ዘኪ ሳቀ። «አንተ እኮ እማዬ ከመቃብር ተነስታ ብትመጣ መታወቂያ አምጪ ትላታለህ!»

ረመዳን ሲገባ ዘኪ ሳያስፈቅድ ታፔላውን ሰቀለ። አፍጥር ሲቃረብ ሰልፉ እስከ ትራሙ ሐዲድ ይደርስ ጀመር። በስምንተኛው ቀን ራግብ ሁለት ሠራተኞች ይዞ መጣ። ሌላ ሰው መላክ ይችል ነበር፤ ከባዕድ እጅ የኔ ይሻለዋል ብሎ ነው። ደንበኛው ተሰልፎ እያየ ታፔላው ወረደ። ዘኪ እጁ ሽሮፕ በሽሮፕ እንደሆነ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ራግብ መሬት መሬቱን እያየ የቅጣቱን ወረቀት አስይዞት ሄደ።

ሱቁ ሁለት ዓመት ተንገዳግዶ ተዘጋ። ዘኪ ተመልሶ የሰው ምድጃ ላይ ተቀጠረ፤ በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ እዚያው ምድጃ ፊት ልቡ ቀጥ አለ። ከዚያች የረመዳን ቀን ወዲህ ወንድማማቾቹ በበዓል እንኳ ተጠያይቀው አያውቁም ነበር። በለቅሶው ድንኳን ራግብ እንደ ሩቅ ሰው ዳር ላይ ተቀመጠ።

ስምንት ዓመት አለፈ። ራግብ ጡረታ ሊወጣ አምስት ወር ሲቀረው ደንቡ ተሻሻለ፤ ከቅስት ሥር፣ ድንጋይ ሳይበሳ የሚሰቀል መብራት ያለው ታፔላ ተፈቀደ። አንድ መስመር ናት የተጨመረችው። በዚያው ሰሞን ከዘኪ ሱቅ ማመልከቻ መጣ፤ ስልክ ሻጮች ተከራይተውት ነበር።

ራግብ ራሱ ሄዶ ለካ። ቁመቱ ልክ ነው፤ መብራቱ ዓይን አይወጋም፤ ብሎኑ የሚገባው በድንጋዮቹ መጋጠሚያ ነው። የዘኪም ልክ እንዲሁ ነበር።

«አባባ፣ የጎደለ ነገር አለ?» አለችው ሻጯ።

«ምንም የለም፣ ልጄ።» ወረቀቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ፈረመ።

ቢሮው አልተመለሰም። በቀጥታ ወደ ዘኪ ሚስት፣ ወደ ኢንሺራህ ቤት ሄደ። በሩን ከፍታ እንኳን ደህና መጣህ ሳትል አሳለፈችው። ቆሞ እያለ የሆነውን ሁሉ ነገራት።

«ፈረምክ?»

«ፈረምኩ።»

«ታዲያ ምን ልበልህ? እጅህ ይባረክ?»

«ይቅር በይኝ፣ ኢንሺራህ።»

«ዘኪ ታፔላው ስለወረደ አልነበረም የተሰበረው» አለች ኢንሺራህ። «ያን ቀን ቤት ገብቶ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? ‹ወንድሜ ልክ ነው፤ ደንቡን የጣስኩት እኔ ነኝ። ግን ወረቀቱን ሲሰጠኝ ምናለ ዓይኔን ቢያየኝ› ነው ያለው። አንድ ቀን ይመጣል እያለ ሲጠብቅህ ኖረ።»

«አፈርኩ። እሱ የሚመጣ መስሎኝ…»

«አንተ ነህ ታላቁ» አለችው። «ይቅርታው ደግሞ የኔ አይደለም። ባለቤቱ ሄዷል።»

ምሳ አቀረበችለት፤ እንግዳ ጦሙን ከቤቷ አይወጣም። እሷ ግን አብራው አልቀመሰችም።

ከጥቂት ወር በኋላ የዘኪ አንድ ልጅ ተዳረች። ራግብ ጥሪው ደረሰውና ሸሚዙን አስተኩሶ፣ ማልዶ ሄደ። አባት የሌላትን ልጅ ኒካዋ ሲታሰር የሙሽራውን እጅ ጨብጦ የሚድራት የአባቷ ወንድም ነው። ሸኹ «ወኪሏ ማነው?» ሲል ራግብ ከወንበሩ ሊነሳ እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ከፊት የእናቷ ወንድም ተነሳ።