ጣራ የሌላት ማኪና

አንድ ሰው በዚያ መንገድ የሚሠራበትን ምክንያት መናገር ስላቃተው ብቻ ሥራውን እንደማያውቅ ቆጥራችሁት ታውቃላችሁ? እኔ ቆጥሬ አውቃለሁ። ዋጋውን የከፈለው ግን ታላቅ ወንድሜ ነው።

ወንድሜ የኤርትራና የኢትዮጵያ ፌዴሬሽን እስኪፈርስ ድረስ አስመራ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። ፌዴሬሽኑ ሲፈርስ መሥሪያ ቤቱም ተዘጋ፤ ሾፌሮቹ «ሥራ የሚፈልግ እስከ ፋሲካ አዲስ አበባ ሄዶ ይመዝገብ» ተባሉ። እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን፣ በአማርኛ የሚያስተምር ሰው በመፈለጉ፣ መምህር ሆኜ ተቀጠርኩ። እሱን ከሥራ ያስወጣው ለውጥ እኔን ሥራ አስያዘኝ። ስለዚህ ነገር ቤት ውስጥ አንነጋገርም ነበር።

ወንድሜ ከአስመራ መውጣት አልፈለገም። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ነበረች። ያለውን አሟጦ፣ ወደ አገሩ ከሚመለስ አሜሪካዊ ወታደር ላይ የሸራ ጣራዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ አንዲት አሮጌ ማኪና ገዛና ፓራዲዞ ሰፈር ያለው ግቢያችን ውስጥ አቆማት። አድሶ ለሙሽሮች ሊያከራያት ነው። ቬሏ በነፋስ እየተውለበለበ ከተማውን መዞር የማትፈልግ ሙሽራ የት አለች? ማኪናዋ ሳትጠገን ገና የጥር ሠርገኞች ቀን አስያዙ። ጥር ካለፈ ጾም ይቀርባል፤ ጾም ከገባ ሠርግ የለም። እዚህ ለመቅረት የነበረው ተስፋ ይኸው ነበር።

ችግሩ ዝገቱ ነው። ማኪናዋ ለዓመታት ምጽዋ፣ ባሕሩ ዳር ቆማ ኖራለች። ከላይ ቀለሟ ያብረቀርቃል፤ ከበሮቹ ሥር፣ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ የሚያልፈውን ብረት በካቻቪቴ ስንወጋው ግን እንደ ደረቀ ሕምባሻ ተፈረፈረ።

የብረቱን ሥራ የያዙት ከዓዲ ኣበይቶ መንደር በብስክሌት የሚመላለሱ ሽማግሌ ነበሩ። «ኣቦይ» ነበር የምንላቸው፤ አባቴ እንደ ማለት ነው። ሙያውን ከልጅነታቸው ጀምሮ በጣልያን ጋራዥ እያዩ ተማሩት እንጂ ፊደል አልቆጠሩም። በሩን ይዘጋሉ፤ ከሥሩ አንድ ስንዝር የበሰበሰ ብረት ቆርጠው ያወጣሉ፤ በቦታው አዲስ ላሜራ ይበይዳሉ፤ በሩን ከፍተው ዘግተው ይሞክራሉ፤ ደግሞ ሌላ ስንዝር። ሳያቸው ቀኑ የሚባክን ይመስለኛል። እኔ የመካኒክ መጽሐፍ ተውሼ፣ የበሰበሰውን ሁሉ በጠመኔ ቁጥር ሰጥቼ፣ ደብተሬ ላይ ሠንጠረዥ አስምሬ ነበር።

«ኣቦይ፣ ለምንድን ነው ስንዝር ስንዝር የሚሉት?» አልኳቸው።

«እንዲህ ነው የሚሠራው፣ መምህር።»

«ምክንያቱስ?»

«ጣልያኑ ጌታዬም እንዲሁ ነበር የሚሠራው።»

«እሱማ አገሩ ገባ። ምክንያቱን ትቶልዎት ሄደ ወይስ ይዞት?»

«መዶሻውን ነው የተወልኝ» አሉና ሳቁ። ወንድሜም ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም፤ ማስረዳት ጀመርኩ። በሮቹን መንቀል፣ ከግራም ከቀኝም የዛገውን ሁሉ ባንድ ጊዜ ቆርጦ ማውጣት፣ ከዚያ አዲሱን ባንድ ጊዜ መበየድ። የሁለት ሳምንቱ ሥራ በሦስት ቀን ያልቃል። መጽሐፉን ገልጬ ሥዕሉን አሳየኋቸው። ወንድሜ ለጥር የቀረውን ቀን በጣቱ ቆጠረና ወደ ሽማግሌው ዞረ። «ኣቦይ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?»

«እኔ የተጻፈ አላነብም። ወንድምህ የተማረ ነው» አሉ። መዶሻቸውን አስቀምጠው «ሕራይ» አሉ፤ እሺ ማለታቸው ነው።

በሦስት ቀን አለቀ። ብየዳው በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ነበር። በአራተኛው ቀን በሮቹን ስንገጥም የግራው አልዘጋ አለ። የላይኛው ጠርዙ ከኋላው አካል ጋር ተናከሰ። የቀኙም እንደዚያው። ኣቦይ ተንበርክከው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ከጎን አዩዋት። ማኪናዋ ብዙ እንደ ተጫነች በቅሎ ወገቧ ረግቧል።

«ምክንያቱን ጠይቀኸኝ ነበር፣ መምህር። ይኸው» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጫማ ካርቶን ክዳኑ ሲገጠምበት ይጠነክራል፤ ክዳኑ ሲነሣ ይልፈሰፈሳል። የብረት ጣራ ያለው ማኪና ክዳኑ እንደ ተገጠመ ካርቶን ነው። የእኛዋ ግን ክዳን የላትም፤ ወገቧን ቀጥ አድርጎ የያዘው ከበሮቹ ሥር ያለው ብረት ብቻ ነበር። እኔ እሱን ከሁለቱም ጎን ባንድ ቀን አስቆረጥኩ፤ አዲሱም ብረት እንደ ረገበች ተበየደባት። መጽሐፉ ላይ የነበረው ሥዕል ጣራ ያለው ማኪና መሆኑን እንኳ ልብ አላልኩም። ኣቦይ በሩን ዘግተው ስንዝር ስንዝር የሚሄዱት አካሏ እንዳይንቀሳቀስ ነበር። ይህን በቃል ማስረዳት አይችሉም፤ እጃቸው ግን ያውቀዋል።

የመጀመሪያው ሙሽራ አባት መጥተው በሩን ሁለት ጊዜ ገፉት። «ታዲያ ሙሽራይቱ እንደ አጥር ትዝለለው?» ብለው ሄዱ። ሌሎቹም ወሬውን ሰምተው ቀሩ። ብየዳውን ፈትቶ፣ ከወገቧ ሥር ክሪክ አስገብቶ እንደ ገና ቀስ በቀስ ማቅናት ይቻል ነበር። ኣቦይ ጀመሩትም። ግን ጾሙ ቀደመን።

ወንድሜ ማኪናዋን ለአንድ ጋራዥ፣ ለመለዋወጫ እንድትፈታ ሸጣትና ከፋሲካ በፊት አዲስ አበባ ወረደ። ልጁ የተወለደው እሱ በሌለበት ነው። ፌርማታው ላይ ሊሸኙት የመጡ ዘመዶች «ያቺ ማኪና ምን ሆነች?» ሲሉት፣ «አሜሪካዊው የበሰበሰ ብረት ሸጦ አታለለኝ» አላቸው። እኔ ሻንጣውን ይዤ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ቀና ብሎም አላየኝ። አፌን ከፍቼ እውነቱን መናገር እችል ነበር። አልተናገርኩም፤ አውቶቡሱ ሄደ።

እናንተ ግን አንድ ነገር ሞክሩልኝ። ሰፈራችሁ ካለ አንድ አናጢ ወይም ግንበኛ ዘንድ ሂዱና ግማሽ ቀን ዕቃ አቀብሉት። እንዴት እንደሚይዝ፣ የቱን አስቀድሞ የቱን እንደሚያስከትል እዩ። ሥራው የዘገየ ቢመስላችሁም አትናገሩ። «እንዲህ ነው የሚሠራው» ካላችሁ፣ መጀመሪያ እንዳለው ሥሩ። ጥያቄያችሁን ለማግስቱ አቆዩት።