ወደ ሰሜን የዞረው አንቴና

ካዚ ባልቹናስ ቁጭ ማለት አይሆንለትም። ከኬብል ቴሌቪዥን ኩባንያው ጡረታ ከወጣ ስምንት ዓመት ሆነው፤ እግሩ ግን ይህን ወሬ እስካሁን አልሰማም። ጠዋት ተነስቶ አንገቱን ወደ ሰማይ አቅንቶ የማርኖክ ከተማን አቀበት ምሰሶ በምሰሶ ይዞራል። የላላ ገመድ ሲያይ ያጉረመርማል። ዝናብ የሚያስገባ ማያያዣ ካየማ እንደ ጥርስ ሕመም ቀኑን ሙሉ ይነዘንዘዋል። ግማሹን ገመድ የዘረጋው እሱ ራሱ ነዋ! የከሰል ጉድጓዱ ሲዘጋ ሃያ አንድ ዓመቱ ነበር፤ ቀበቶና ሁለት ጉጠት ሰጥተውት ምሰሶ ላይ ወጣ፤ ሲወርድ ስልሳ ሞልቶታል።

ሥራው መዘርጋት ብቻ አልነበረም። በሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ስምንት ኬብል ወደ ላይኛው ሰፈር ሲገባ፣ ከየጣሪያው አንቴና እየነቀለ ያወረደው እሱ ነው። «ከእንግዲህ ይኼ ምን ይሠራልሃል? አሮጌ ብረት ነው» እያለ፣ ሰውም እያመነው፣ በጭነት መኪና ሙሉ አልሙኒየም ለቁራሌው ሸጠ። ሳይከፍል ከጎረቤት መስመር የሚጠልፍ ሲገኝም ወጥቶ የሚቆርጠው እሱ ነበር። በዚህ ሥራ ሁለት ጊዜ ውሻ ተለቆበታል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ከፎቅ ላይ ትኩስ የጎመን ሾርባ ተደፍቶበታል።

ሰኔ ሲገባ ከዚሁ ኩባንያ ለደንበኛው ሁሉ ደብዳቤ መጣ። ከሐሙስ ጀምሮ ቻናል የተባለ ሁሉ፣ ተራው ሳይቀር፣ ይቆለፋል። እስከ ዛሬ ገመዱን ከግድግዳው አምጥቶ ቴሌቪዥኑ ላይ መሰካት ይበቃ ነበር፤ አሁን ግን ቁልፉን የሚፈታ ሪሲቨር ለእያንዳንዱ ቴሌቪዥን ለየብቻ ያስፈልጋል። ሪሲቨሩ ደግሞ አይሸጥም፤ ይከራያል። አንድ ዓመት በነፃ፣ ከዚያ በየወሩ ስድስት ዶላር።

ታላቅ እህቱ አልዶና ደብዳቤውን በአጉሊ መነፅር ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሰማንያ ዓመቷ ነው። ሁለቱ የሚኖሩት በአንድ ግድግዳ በተከፈለ ቤት ነው፤ እሷ በዚህ፣ እሱ በዚያ። መጋቢት ላይ በረዶ አዳልጧት ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ከላይኛው ፎቅ መኝታ ቤቷ አልወረደችም። ስትፈልገው ግድግዳውን በከዘራዋ ሦስቴ ትደበድባለች።

«ቴሌቪዥኑ የኔ» አለችው፣ «መብራቱ የኔ፣ ዓይኑ የኔ። ታዲያ የምከራየው ምኑን ነው?»

«ቁልፉን ነዋ፣ እትዬ።»

«ማን ቆልፉ አላቸው?»

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ አልዶና ተሳድባ ሬድዮዋን ትከፍት ነበር። ማክሰኞ ማታ ግን ማሪሳ ደወለች። ማሪሳ አልዶና ያሳደገቻት የልጅ ልጇ ናት፤ በሰሜን በኩል፣ ከተራራው ማዶ ባለው ከተማ፣ በቴሌቪዥን ጣቢያ ከካሜራ ጀርባ ካርታ እያዘጋጀች ሁለት ዓመት ሠርታለች።

«አያቴ፣ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የአየር ጠባዩን የማቀርበው እኔ ነኝ። በቀጥታ! አንድ ቀን ብቻ ነው የሰጡኝ። ከወደዱኝ እቀጥላለሁ፤ ካልሆነ ወደ ካርታዬ።»

«ቀዩን ኮት እንዳትለብሺ፤ ያወፍርሻል» አለች አልዶና። ስልኩን ዘግታ ግን ካዚን አየችው። እሱም ያንን አስተያየት ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል።

ረቡዕ ጠዋት ካዚ ኩባንያው ቢሮ በር ላይ ተሰለፈ። ሰልፉ ጥግ ዞሮ እስከ እሳት አደጋው ጣቢያ ደርሷል። ከፊቱ የቆመው ቴድ ሚካሎቪች ነበር፣ የመንገድ ማዶ ጎረቤቱ።

«ካዚ!» አለ ቴድ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብሎ። «አንቴናዬን መልስልኝ!»

«የቱን አንቴና?»

«አሮጌ ብረት ነው ብለህ ያወረድከውን! ‹ቴድ፣ ዕድሜ ልክህን አያስፈልግህም› አላልከኝም? ይኸው ዕድሜዬ አላለቀም።»

ሰልፈኛው ሳቀ። ካዚም አብሮ ሊስቅ ሞከረ፤ ግን ኪሱ ውስጥ ቁልፎቹን እያንቀጫቀጨ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እግር ከመዛወር በቀር አልሆነለትም። ተራው ሲደርስ ሪሲቨሩ አልቋል።

«ሦስት ሳምንት ይጠብቁ፣ ሚስተር ባልቹናስ» አለችው ባንኮኒው ላይ ያለችው ልጅ።

«የምፈልገው ለቅዳሜ ነው።»

«ሰው ሁሉ የሚፈልገው ለነገ ነው።»

«ቆይ፣ ለምንድን ነው የቆለፋችሁት?»

«እንዳይጠለፍ ነዋ። ድሮ ምሰሶ ላይ የሚወጣ ሰው ልከን ነበር አሉ የምናስቆርጠው። አሁን እዚሁ ቁጭ ብለን እንዘጋለን።»

«ያ ሰው እኔ ነበርኩ» አለ ካዚ።

ልጅቷ ቀና ብላ አየችው። «ይቅርታ። ዝርዝሩ ላይ አርባ አንደኛ ነዎት።»

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ግድግዳው ሦስቴ ተመታ። ካዚ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየረገጠ ወጣ። ስክሪኑ ጠቁሯል፤ መሐሉ ላይ «ወደ ኩባንያው ይደውሉ» የሚል ጽሑፍ ብቻ። አልዶና ሪሞቱን ብርድ ልብሱ ላይ አስቀምጣ እጇን አጣጥፋለች።

«ጎረቤት ሄጄ እንዳላይ እግር የለኝ። እንግዲህ ማሪሳን ዓለም ሁሉ ያያታል፤ ያሳደጋት ሰው ብቻ አያያትም።»

«ታያታለሽ።»

«በምን?»

ካዚ ወረደ። ጓሮ ውስጥ ሁለቴ ዞረ፤ ሦስተኛው ዙር ላይ የአልዶና አደንጓሬ ፊት ቆመ። አደንጓሬው የሚወጣው አንቴና ላይ ነው። ያኔ በስልሳ ስምንት፣ «ባሌ የገዛውን አትሸጥም!» ብላ ከጭነት መኪናው ላይ መንጭቃ አውርዳ መሬት ውስጥ ተከለችው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ተክል ሲጠመጠምበት አርባ አምስት ዓመት ኖረ።

ካዚ ሐረጉን በጥንቃቄ ፈታ። ሁለት የአንቴናው ክንዶች ተሰብረዋል፤ ከአሮጌ የጓሮ ወንበር ቱቦ ቆርጦ በልካቸው ተካቸው። ሽቦ የሚነካበትን ቦታ ሁሉ ብልጭ እስኪል ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው። የድሮውን ጠፍጣፋ ሽቦ ጥሎ አዲስ ገመድ የሚቀበል ማያያዣ ገጠመለት። ቴድን መሰላል እንዲይዝለት ጠራውና ጣሪያ ላይ ወጣ፤ አንቴናውን ከጭስ ማውጫው ጋር አስሮ፣ ገመዱን በመስኮቱ ወደ አልዶና ቴሌቪዥን አውርዶ፣ ፊቱን ወደ ደቡብ አዞረው።

ማርኖክ ውስጥ አንቴና ወደ ደቡብ ነው። ይህ ከቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ይበልጣል። በሰሜንና በምሥራቅ የተራራው ግንብ ሞገዱን አያሳልፍም፤ የሰሜኑን ጣቢያ የፈለገ ሰው ከደቡቡ ኮረብታ ተመትቶ የሚመለሰውን ፍርፋሪ ይለቅማል። ካዚን ሥራ ያስተማረው ሽማግሌ፣ «የማርኖክ ሰው ሆኖ አንቴናውን ወደ ሰሜን ያዞረ ወይ እንግዳ ነው ወይ ሰክሯል» ይል ነበር። ካዚ አንድም ቀን ተጠራጥሮት አያውቅም።

አልዶና ሪሞቷን ይዛ ፈለገች። ሁለት ቻናል መጣ፤ አንዱ መጥበሻ ይሸጣል፤ ሌላው በስፓኒሽ ይሰብካል። የማሪሳ ጣቢያ የለም። ካዚ አንድ ጣት ያህል ወደ ግራ፣ አንድ ጣት ወደ ቀኝ አዞረው። ድሮ ቢሆን ብዥ ያለም ቢሆን ጥላ ይታይ ነበር፤ የአሁኑ ሲግናል ግን ወይ ይመጣል ወይ አይመጣም፤ መካከለኛ የለውም። ዓይን ያዝ እስኪያደርግ ሞከሩ። ቴድ ከታች፣ «ውረድ አንተ ሰው፤ ወድቀህ ከእህትህ ጎን እንዳትተኛ!» እያለ ለመነው።

አርብ ጠዋት ካዚ ቁርሷን ይዞላት ወጣ፤ እንቁላልና አጃ ዳቦ። ሳይተኛ እንዳደረ ፊቱ ይናገራል። አልዶና ዓይኗን በእጇ ከልላለች።

«መጋረጃውን ሳበው እስቲ። ይኼ ፀሐይ ወጋኝ።»

ሳበው።

«ተኝቼ ስውል ነው የታወቀኝ» ቀጠለች። «ሙሽራ ሆኜ እዚህ ቤት ስገባ፣ ፀሐይ ይኼን ክፍል ሳይነካ ጁሊየስ ቁርሱን በልቶ፣ ጫማውን አስሮ ሥራ ይገባ ነበር። አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

«አሥራ ሁለት።»

«ያኔ በዚህ ወር ወደ አንድ ሰዓት ግድም ነበር የሚደርሰው።»

ካዚ መጋረጃውን እንደያዘ ቀረ። ከዚያ ቀስ ብሎ መልሶ ከፈተው።

መስኮቱ የሚያየው ሰሜን ምሥራቅን ነው። ያ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው የተራራ ግንብ መሐሉ ላይ እንደተገመጠ ዳቦ ጎድሏል። ፀሐይዋ የቆመችው በዚያ ግምጥ ውስጥ ነው።

«እትዬ፣ ተራራው የት ሄደ?»

«ምን ማለትህ ነው? ጁሊየስ ነዋ የወሰደው!»

እውነቷን ነው። ባሏ ጁሊየስ ከሰል ለማውጣት ቤተ ክርስቲያን በሚያክል ማሽን ሃያ ሁለት ዓመት ያንን ተራራ ከአናቱ እየዛቀ አወረደው። ከእሱም በኋላ ሌሎች ዛቁ። ካዚ ይህን ያውቃል፤ ሲዛቅ በዓይኑ አይቷል፤ የፍንዳታው አቧራ የዘረጋውን ገመድ ሲያለብሰው ጠርጓል። ነገር ግን ሰው አገሩን በዓይኑ አያይም፤ በልማዱ ነው የሚያየው። ተራራው ከቦታው ከተነሳ ሠላሳ ዓመት ሊሆነው፣ ካዚ ጭንቅላት ውስጥ ግን እንደቆመ ነበር።

ቡናውን ሳይጨርስ ወጣ። ኮምፓሱን ከመሣሪያ ሳጥኑ ሥር ፈልፍሎ አገኘ። ቴድ ገና በሌሊት ልብሱ ነበር።

«ወደ ሰሜን ነው የምናዞረው» አለው ካዚ።

ቴድ አፉን አሸተተው። «ጠጥተሃል እንዴ በጠዋቱ?»

«መሰላሉን ያዝ።»

ጣሪያው ላይ ሆኖ የአንቴናውን አፍንጫ በግምጡ መሐል አነጣጠረ። መስኮቱ ከሥሩ ተከፍቷል፤ የአልዶና ድምፅ ከውስጥ ይወጣል።

«መጣ?» ጮኸ ካዚ።

«አልመጣም!»

«አሁንስ?»

«አልመጣም አልኩህ!»

አንድ ጣት ወደ ቀኝ።

«መጣ! ሰውዬው መጣ!... ሄደ!»

«የቱ ሰውዬ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ክራባት ያሰረ!»

«ሰውዬው እንዳይሄድ ያዢው!» አለ ቴድ ከመሬት።

ግማሽ ጣት ወደ ግራ። ትንሽ ቆይቶ፣

«እንዳትነካው!» የሚል ጩኸት ጣሪያውን ነቀነቀው። «እንዳትነካው ካዚ! የማሪሳ ጣቢያ ነው፤ ምልክቱን አውቀዋለሁ!»

ብሎኑን አጠበቀ። ከዚያ በኋላ የቀረውን ሥራ እንደ ሥራ ሠራው። ዝናብ ገመዱን ተከትሎ ወደ ቤት እንዳይገባ ከመስኮቱ በታች ጎንበስ አድርጎ አሳለፈው፤ ማያያዣውን በላስቲክ ጠቀለለ፤ ለመብረቅ ብሎ የመዳብ ሽቦ አውርዶ መሬት ከተቀበረው ዘንግ ጋር አሰረ። ቴድ አሥራ አንድ ቻናል መቆጠሩን ሰምቶ፣ «የኔ ጣሪያ ከዚህ ይልቅ ከፍ ይላል» አለ። «ነገሩን ላንሳው ብዬ ብቻ ነው።»

ያም ሆኖ ካዚ አላመነም። ከሰዓት በኋላ ስድስት ጊዜ ወጥቶ አየው። የሆነ ወፍ ሲያርፍበት በድንጋይ አባረረ።

ቅዳሜ አንድ ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ሁለቱም ስክሪኑ ፊት ነበሩ፤ አልዶና ፀጉሯን አስተካክላ፣ ካዚ ወንበሩን ትቶ ቆሞ። ክራባት ያሰረው ሰውዬ ፈገግ ብሎ ወደ ጎን ዞረ፤ ማሪሳ መጣች። ቀዩን ኮት ለብሳለች።

«አልኳት እኮ!» አለች አልዶና። እንባዋ ግን አገጯ ላይ ደርሷል።

መጀመሪያ ላይ የማሪሳ ድምፅ ቀጠነ። እጇን ስታነሳ የቆመችው ካርታው ላይ ልክ ማርኖክ ያለችበት ቦታ ስለነበር አገራቸው በክርኗ ተሸፈነች። ከዚያ እንደ መንቃት አለች፤ ፈቀቅ ብላ ሸለቆውን በጣቷ አሳየች፤ ቃላቱ እርስ በርሳቸው መጠባበቅ ጀመሩ። አልዶና ከንፈሯ አብሮ ይንቀሳቀሳል።

«...ከሰዓት በኋላ በተራራማው አካባቢ ብርቱ ነፋስ ይኖራል፤ በሰዓት እስከ ሰማንያ ኪሎ ሜትር። ከቤት ውጭ የላላ ነገር ካለዎት አጥብቀው ይሰሩት።»

ካዚ ወደ በሩ ሄዷል።

«ወዴት ነው? ገና አልጨረሰችም!»

«አንቴናው ሁለት መወጠሪያ ሽቦ ይቀረዋል።»

«ሰማዩ እንደ መስታወት ጠርቷል እኮ! ቁጭ በል አንተ ልጅ!»

«ነፋስ አለ ብላለች» አለ ካዚ ከደረጃው ላይ። «የመጀመሪያ ቀኗ ነው፤ እኛ ካላመንናት ማን ያምናታል?»

ታች ወርዶ የሽቦውን ጥቅል ትከሻው ላይ አጋደመና ቴድን መሰላል ያዝ ሊለው መንገዱን ተሻገረ።