ጉኑኖ ላይ የተዘለለችው ጥያቄ

መስከረም ነው። ከሶዶ መናኸሪያ የአረካን ሚኒባስ ስይዝ ዳሞታ ተራራ ገና ጉም ለብሶ ነበር። የምሄደው ጉኑኖ አካባቢ ወዳለ አንድ ጤና ጣቢያ ነው። አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ አሁን ግን ሥራዬ በቤተሰብ ምጣኔ ክፍል የሚሠሩ ባለሙያዎች ጋ እየዞርኩ ስለ ሥነ ተዋልዶ ጤና አዲሱን ነገር ማሳወቅ ነው። የዛሬው መልእክት አጭር ነው፦ "የወር አበባሽ ሲመጣ ተመለሺ" እያላችሁ ሴቶችን አትመልሱ፤ እርጉዝ አለመሆኗን ጠይቆ ማወቅ ይቻላል። አጭር ስለሆነ ቀላል መስሎኝ ነበር።

ሚኒባሱ ውስጥ ከእግሬ ሥር የዝንጅብል ጆንያ፣ ከጎኔ ዶሮ የታቀፉ እናት ነበሩ። ረዳቱ ውፍረቴን አይቶ "የሁለት ሰው ይክፈሉ" ሲለኝ፣ "የጤና ባለሙያ ካልተመቸው ማን ይመቸው?" ብዬ ተሳፋሪውን አሳቅሁበት። አረካ እስክንደርስ መንገዱ ግራና ቀኝ እንሰትና ጎደሬ ነው። እዚያ ወርጄ ሻይ በቦምቦሊኖ ቀማመስኩና ወደ ጉኑኖ በባጃጅ ቀጠልኩ። የባጃጁ ሾፌር በወላይትኛዬ እየሳቀ ጭቃውን ሁሉ አሻገረኝ። ሶዶ ተወልጄ ያደግሁ ብሆንም ወላጆቼ ከሰሜን የመጡ ናቸው፤ ቋንቋውን ብችለውም አነጋገሬ ያጋልጠኛል።

ጤና ጣቢያው

የቤተሰብ ምጣኔ ክፍሉን የያዘችው ሲስተር ማርታ ነች። የአካባቢው ልጅ ነች፤ ቀልጣፋና ሳቂታ፣ በቤተ ክርስቲያኗም ዘማሪ። መመሪያውን ሳስረዳት በሚገባ አዳመጠችኝ። ገና ሳንጨርስ በሩ ተንኳኳና ልትከፍት ሄደች። ወዲያው በወላይትኛ ለአንዲት ሴት እንዲህ ስትል ሰማኋት፦ "አበባሽ አልመጣም? እንግዲያው ሲመጣ ነይ።"

"ማርታ! አሁን ምን ተነጋገርን?" አልኳት።

በሩን ገርበብ አድርጋ ወደ እኔ ቀረበች። "ሰምቼዎታለሁ ሲስተር። አንድ ጊዜ ግን እርጉዝ መሆኗ ሳይታወቅ የወሊድ መከላከያውን በክንዷ የቀበርኩላት ሴት ነበረች። ዘመዶቿ 'ፅንሱን ልትጎጂው ነው' ብለው ግቢው ድረስ መጡብኝ። እርስዎ ዛሬ ሶዶ ይገባሉ፤ እኔ እዚህ ነው የምኖረው።"

እውነቷን ነው። ቢሆንም ሴትየዋ እንድትገባ ለመንኳት። እዚህ ወርቅነሽ እላታለሁ። ሕፃን ልጅ ታቅፋለች፤ ለአማቷ ገበያ ደርሼ መጣሁ ብላ ነው ከቤት የወጣችው። እኔም አብሬ መቀመጤን ፈቀደችልኝ። "አበባሽ ሲመጣ ነይ" ተብላ ስትመለስ ይህ ሦስተኛዋ ሊሆን ነበር።

ማርታ መጠየቅ ጀመረች። ሕፃኑ ስድስት ወር አልሞላውም፤ ጡት ብቻ የሚጠባ ቢሆን ኖሮ፣ አበባዋም ስላልተመለሰ፣ እርጉዝ አለመሆኗ በዚያው ይታወቅ ነበር። አማት ግን አጥሚት አስጀምረውታል። የእርግዝና መመርመሪያው ደግሞ ካለቀ ሰንብቷል። ማርታ "ይኸው!" በሚል ዓይን አየችኝ።

"አንድ ጥያቄ ዘለልሽ" አልኳት። ከወለደች ወዲህ ከባሏ ጋር ተኝታ እንደሆነ የሚጠይቀውን ማለቴ ነው።

ማርታ ፊቷ ቀላ። "ሲስተር፣ እኛ እኮ አንድ ቤተ ክርስቲያን ነን" አለችኝ በአማርኛ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ይህን ጠይቄያት እሁድ ፊቷን እንዴት ነው የማየው?"

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ስለ መኝታ መጠየቅ ነውር ስለሆነ ነው ለካ ስለ አበባ ብቻ የሚጠየቀው! ራሴ ልጠይቃት ቃጣኝና ተውኩት። ነገ እኔ እዚህ የለሁም።

"አንቺ ነሽ የምትጠይቂያት" አልኳት።

ማርታ ዓይኗን ሕፃኑ ላይ ተክላ ጠየቀች። ወርቅነሽ በሳቅ ፈረሰች። "ከማን ጋር? ባሌ ሳልወልድ ወደ እርሻ ሥራ እንደሄደ ነው! ለጊፋታ ነው የሚመጣው።"

ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ ለሥራ የተበተነው ሁሉ ወደ ቤቱ ይገባል። ደግሞ የቀረው ጥቂት ቀን ነው። የወርቅነሽም ሳቅ ወዲያው ጠፋ። "ይሄንን ያረገዝኩት ትልቋ ጡት ሳትተው ነው። ስወልደው ደም ፈሶኝ ከሞት ነው የተረፍኩት። ባሌ ራሱ በስልክ 'ሳልመጣ ጤና ጣቢያ ሂጂ' አለኝ። ስመጣ ትመልሱኛላችሁ።"

ማርታ ሌላ አልጠበቀችም። ያሉትን አማራጮች አንድ በአንድ አስረዳቻት፤ ወርቅነሽ በክንድ የሚቀበረውን መረጠች። ማርታ እጇን ታጥባ ቀበረችላት። ደስ ያለኝ ግን የተከተለው ነው። ባልየው ብዙ ጊዜ ርቆ ስለቆየ ሲመጣ ሁለቱም የኤችአይቪ ምርመራ እንዲያደርጉ፣ እስከዚያም በኮንዶም እንዲጠቀሙ ማንም ሳይገፋፋት መከረቻት። ወርቅነሽም ያለ ሐፍረት ጥያቄ አዥጎደጎደችባት። እኔ በደስታ የምሆነውን አጣሁ።

መልስ

ምሳ ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥር ቅቅል በዳታ በላን። ዳታ የወላይታ በርበሬ ነው፤ እኔ እንባዬ እየወረደ ሳሻምድ ማርታ ግን እምብዛም አልቀመሰችም። የመጣሁበትን መንገድ ይዤ ተመለስኩ፤ አመሻሽ ላይ ሶዶ ገባሁ። ባለቤቴ "ሰሙሽ?" ሲለኝ "ሰሙኝ" አልኩት። ወትሮ ሰሙኝ ካልኩ ሥራዬ አለቀ ማለት ነበር። ዛሬ ግን ሰው አዲስ ነገር ሰምቶም አፉን ለመክፈት ሌላ ድፍረት እንደሚያስፈልገው አየሁ። ከሶዶ ይዤ መሄድ ያለብኝ እሱንም ጭምር ነው።

እራት ሳናቀርብ ማርታ ደወለች።

"ሲስተር፣ በሰላም ገቡ? የመለስኳቸውን ሴቶች ሳስብ ነው የዋልኩት። ሁለቱ የሰፈሬ ናቸው። ነገ ሰው ሳያየን ላናግራቸው ነው።"

"ምን ብለሽ?"

"'አንድ ነገር ሳልጠይቅሽ ነው የመለስኩሽ' ብዬ።"